ያልተነበበው ሦስተኛ ገጽ

ሰው ሁሉ «ገልባጩ» ይለዋል። ስሙን ያወጣለት አንድ ዝነኛ ዘፋኝ ነው። ዘፋኙ አንድ ቀን በሆቴሉ ሳሎን ሻይ ሊጠጣ ገብቶ ጊታሪስቱ ሲጫወት ሰማ፤ የሚጫወተው የራሱን ዘፈን መሆኑን መጀመሪያ አላወቀም፣ ሲያውቅ ደግሞ ደሙ ፈላ። «ይሄ ሰውዬ ገልባጭ መኪና ነው እንዴ! ዘፈኔን እንደ አሸዋ ደፋው እኮ!» ብሎ ሻዩን ሳይጨርስ ወጣ። አስተናጋጆቹ ሳቁ፣ ስሙም በዚያው ጸደቀ። ጊታሪስቱ አልተቀየመም። እንዲያውም ከዚያ ወዲህ ከሰው ሲተዋወቅ «ገልባጩ ነኝ» እያለ እጁን ይዘረጋ ጀመር።

ሥራው እንዲህ ነው። ሰው ሁሉ የሚያውቀውን፣ በየታክሲውና በየጸጉር ቤቱ የሚጮኸውን ዘፈን ይወስድና ልብሱን አውልቆ ሌላ ያለብሰዋል። የጭፈራውን ያዘገየዋል፣ የእንጉርጉሮውን በቦሳ ኖቫ ያወዛውዘዋል፣ የኳስ ደጋፊዎችን ሆታ ብሉዝ ያደርገዋል። ልጅ ማስተኛውን በስዊንግ አስሩጦት አንድ አዛውንት ወንበራቸው ላይ ትከሻቸውን ሲነቀንቁ የታዩበት ቀን አለ። አንድ ነገር ግን አይለውጥም፤ ዜማውን መጀመሪያ ላይ አይጫወትም። ሁለት ዙር ሙሉ ኮርዱን ብቻ እየነካካ፣ በዘፈኑ ዳር ዳር እየዞረ ይቆያል። ሰዉ ግራ ገብቶት ወደ ወሬው ሊመለስ ሲል፣ በሦስተኛው ዙር ዜማውን ቁልጭ አድርጎ ያመጣዋል። ያኔ ከየጠረጴዛው «እንዴ! ያ ዘፈን ነው ለካ!» የሚል ድምፅ ይሰማል። ከጭብጨባው ሁሉ የምትጥመው ያቺ «እንዴ!» ነበረች።

እሷንም ያገኛት በዚህችው ነው። ፋርማሲስት ናት፤ ከሆቴሉ ፊት ለፊት፣ መንገዱን ተሻግሮ ባለው የአባቷ መድኃኒት ቤት ውስጥ ነጭ ጋዋን ለብሳ ትሠራለች። ያን ቀን ምሳ ሰዓት ላይ ራሷን አሟት ጸጥ ያለ ቦታ ፍለጋ ገባች። መድኃኒት መካከል እየዋሉ ራስ ምታት ማስታመም መቼም የባለሙያ ዕጣ ነው። ገልባጩ ከጥጉ ተቀምጦ አንድ ቀርፋፋ ነገር እየተጫወተ ነበር። ምን እንደሆነ አላወቀችም፤ ብቻ እየሰማች ሳለ እናቷ የሞተችበት ሳምንት ትዝ አላት፣ ሆዷ ባባ። ዜማው ሲመጣ ግን ምን ሆኖ ተገኘ? ዓመቱን ሙሉ በታክሲ ውስጥ ሲያደነቁራት የከረመ፣ «ነይ ነይ» ከማለት ሌላ ቁም ነገር የሌለው ጭፈራ! «እንዴ!» አለች ጮክ ብላ፣ ዳቦ አፏ ውስጥ፣ እንባ ጉንጯ ላይ። ገልባጩ ቀና ብሎ አያት። ስንት ዓመት ሲጫወት እየሳቁ «እንዴ» ያሉት ብዙ ናቸው፤ እያለቀሰች «እንዴ» ያለችው እሷ ብቻ ናት።

«ይሄን ዘፈን እጠላው ነበር እኮ» አለችው ሲጨርስ፣ ያፈረች እንዳይመስልባት ፈጠን ብላ።

«አሁንስ?»

«አሁን ደግሞ አንተን ልጠላህ ነው። ራሴን አሞኝ ብገባ አስለቀስከኝ።»

ከዚያ ጨዋታ ተጀመረ። በየቀኑ ምሳ ሰዓት ትመጣለች፣ አንድ ዘፈን ይገለብጥላታል። ዜማው ሳይመጣ ካወቀችው ሻዩ በእሱ፤ ካላወቀችው በማግስቱ ተመልሳ ትመጣለች። ውሉ ይኸው ነው። አሥራ አንድ ወር ሙሉ አንድም ቀን አላወቀችም። በበኩሌ አላምናትም፤ በሁለተኛው ኮርድ አውቃው ዝም ያለችባቸው ቀኖች ብዙ እንደነበሩ ከንፈሯን ሲያዩት ያስታውቃል። እሱም ሳይገባው አይቀርም። ግን ማን ይናገር? ሁለቱም ዓይን አፋሮች ናቸው፤ እሱ በጊታሩ ይናገራል፣ እሷ በሻዩ ማንኪያ።

አባቷ በመድኃኒት ቤቱ መስታወት ያያል። ጠንካራ ሰው ነው፣ ሚስቱን ከቀበረ ወዲህ ብዙ አይናገርም። አንድ ቀን ብቻ ክኒን እየለየ፣ ቀና ሳይል፣ «ልጄ፣ ጊታር ይዞ የመጣ ጊታር ይዞ ይሄዳል» አላት። እሷም «እሺ አባዬ» አለች። እወደዋለሁ ማለት ነበረባት። አላለችም፤ አባቷን ፈራችው።

ደብዳቤው የመጣው አንድ ማክሰኞ ረፋድ ላይ ነው። የጉንፋን ወቅት ስለነበር መድኃኒት ቤቱ እስከ በሩ ሰው ሞልቷል። የሆቴሉ አስተናጋጅ በሰው መሀል ተሽሎክልካ ገባችና ፖስታውን በፋርማሲስቷ እጅ ላይ አኖረች። «ከገልባጩ ነው። ሌሊቱን ሙሉ ሲጽፈው አደረ አሉ» ብላ እንደ እህት ጠቀሰቻት። ፋርማሲስቷ መደርደሪያው ጀርባ ሄዳ፣ ቆማ፣ የመጀመሪያውን ወረቀት ገለጠች።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ ይባልልኝ። ይህች ዓይን የሐኪም ማዘዣ ስታነብ የኖረች ዓይን ናት። ማዘዣ ላይ ዋናው ነገር አናቱ ላይ ነው፤ የመድኃኒቱ ስም፣ መጠኑ፣ ስንቴ እንደሚወሰድ። ከታች ያለው ፊርማና ማህተም ነው፣ ገረፍ አድርገው ያልፉታል። የጻፈው ሰው ደግሞ ዋናውን ነገር አናቱ ላይ አድርጎ አያውቅም። እንዲህ ይላል፦

«መርከብ ላይ እንድጫወት ተጠርቻለሁ። ሆቴል የሚያህል መርከብ ነው አሉ። ውሉ የሁለት ዓመት ነው፣ ሐሙስ ጠዋት መነሣት አለብኝ። እዚህ ከተማ የሚይዘኝ ምንድን ነው ብዬ ራሴን ጠየቅሁ። ቤት የለኝም፣ ዘመድ የለኝም። ያለኝ አንድ ጊታርና የሰው ዘፈን ነው። ጓደኞቼ እንዲህ ያለ ዕድል ሁለቴ አይመጣም፣ ዓይንህን ጨፍነህ ሂድ አሉኝ። ሳስበው ልክ ናቸው፤ እኔም በእነሱ ቦታ ብሆን ይህንኑ እል ነበር…»

ገጹ እዚህ ላይ አለቀ።

«ዶክተር! ኧረ ሰው ቆሟል!» አሉ አንዲት ሴትዮ ከወዲያ ማዶ። ጋዋን የለበሰ ሁሉ ለእሳቸው ዶክተር ነው።

አሥራ አንድ ወር! አሥራ አንድ ወር ሙሉ አንድ ወንበር ላይ ቁጭ ብላ ሰምታው፣ የሚይዘኝ ምንድን ነው ይላል! ዓይኗ ጭልም አለ። የቀረውን የስንብት ማሳመሪያ ማን ያነባል? ወረቀቶቹን እንደነበሩ አጥፋ ፖስታው ውስጥ ከተተቻቸው። አፉን የምታሽግበት ብትፈልግ እጇ ላይ የመጣላት የቁስል ፕላስተር ነው፤ እሱን ቆርጣ ለጠፈችበት። አስተናጋጇ በር ላይ ትጠብቅ ነበር።

«መልሺለት።»

«ምን ልበለው?»

«ምንም አትበይው።»

የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባላል። እሷ ግን ያፈሰሰችው ነገር መኖሩን እንኳን አላወቀችም፤ የተበደለች መሰላት። ረቡዕ ምሳዋን መድኃኒት ቤቱ ውስጥ በላች። ሐሙስ ሳሎኑ ውስጥ ሌላ ሰው ፒያኖ ሲጫወት ተሰማ። ከዚያ በኋላ አንድ ሳምንት ሙሉ ዕቃ ቤት እየገባች በካርቶኖቹ መካከል አለቀሰች፤ አባቷም አንድ ሳምንት ሙሉ ዕቃ ቤቱን ሳያንኳኳ ዋለ። በስምንተኛው ቀን ፊቷን ታጥባ ወጣችና ማዘዣ መቀበል ጀመረች። ውስጧ የነበረውን ሰው ቀበረችው፤ ቢያንስ እንዲያ ነው ያሰበችው።

ሁለት ዓመት አለፈ። በእነዚህ ሁለት ዓመታት ውስጥ አንድ የልጆች ሐኪም ወደ መድኃኒት ቤቱ መመላለስ ያዘ። ሚስቱ የሞተችበት፣ ሸሚዙን ራሱ የሚተኩስ፣ ስለዚህም አንገትጌው ሁልጊዜ የተጨማደደ፣ ደግ ሰው ነው። የሚመጣው ለልጁ የአስም መድኃኒት ነበር። ልጅቷ ስድስት ዓመቷ ነው፤ የፊት ጥርሶቿ ስለወለቁ «ጥርሶ» ይሏታል፣ እሷም ትኮራበታለች። የሰው ልጅ ትንፋሽ የሚያድን ሐኪም የገዛ ልጁ ትንፋሽ ሲያጥራት እጁ ይንቀጠቀጣል። የሚነፋውን መድኃኒት እንዴት እንደምትስበው ለጥርሶ ያስተማረቻት ፋርማሲስቷ ናት። «አሁን ቀስ ብለሽ ሳቢ፣ አሁን ያዥው፣ አሁን ልቀቂ።» አንድ ቀን ልጅቷ ትንፋሽ አጥሯት ከተሻላት በኋላ ላብ ያጠመቀው ራሷን በፋርማሲስቷ ጭን ላይ አድርጋ፣ ዓይኗን ጨፍና፣ «እማ» አለቻት። ፋርማሲስቷ አላረመቻትም።

የጋብቻው ጥያቄ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ሐኪሙን ታከብረዋለች፤ ልጅቷን ትወዳታለች። በዚህ ቅደም ተከተል የተጋቡ እነሱ የመጀመሪያዎቹ አይደሉም። አባቷ ደስ አለው፣ ወይም ደስ ያለው መሰለ።

«ለሰርጉ አንድ ሙዚቀኛ አግኝቻለሁ» አላት ሐኪሙ አንድ ቅዳሜ፣ ጥርሶን ከኋላ አስቀምጦ መኪናውን እየነዳ። «ይሄ ሰው ሁሉ የሚያውቀውን ዘፈን ገልብጦ የሚጫወተው። አልበም አውጥቷል፣ ሆስፒታል ስመላለስ እሱን ነው የምሰማው። እዚያው ከእናንተ ፊት ለፊት ሆቴሉ ውስጥ ሊጀምር ነው አሉ። አሁን ወደዚያው ነው የምንሄደው፤ ዘፈኖቹን አንቺ ትመርጫለሽ።»

እጇን ጭኗ ላይ አጣጠፈች። እንቢ ማለት ትችል ነበር፤ ራሴን አሞኛል፣ ሌላ ቀን ይሁን፣ ሌላ ሰው እንፈልግ። ግን ሰው የታመመበትን ጥርስ በምላሱ መንካት አይተውም። «እሺ» አለች።

ሳሎኑ ውስጥ ምንጣፉ ተቀይሯል፣ ሰውየውም ተቀይሯል። ከስቷል። ጢሙ ውስጥ ነጭ ገብቶበታል። ሲያያት ጊታሩን እንደያዘ ተነሣ፤ ፊቱ ላይ የነበረው ደም ሁሉ ወዴት እንደሄደ እንጃ። ከዚያ እጁን መጀመሪያ ለሐኪሙ፣ ቀጥሎ ለእሷ ዘረጋ። «ገልባጩ ነኝ» አላት፣ ዓይኗን ሳያይ፣ እንደማያውቃት።

«ፋርማሲስት ነኝ» አለች እሷም። የጣቶቹ ጫፍ ድሮም ደረቅ ነበር፤ አሁን ድንጋይ ሆኗል።

ሐኪሙ ምንም አላየም፤ በሰርጉ ወሬ ተይዟል። «ሙሽሮቹ ስንገባ የሚሆን አንድ ሞቅ ያለ ነገር እንፈልጋለን ወንድሜ። አንድ ናሙና ብታሰማን?»

ገልባጩ ተቀመጠ። ጣቶቹ ሊመርጡ ሲሞክሩ ቆዩና የማይመረጠውን መረጡ። ቀርፋፋ፣ ዳር ዳር የሚል፣ ሁለት ኮርድ። ፋርማሲስቷ ወዲያው አወቀችው፤ የመጀመሪያ ቀን ያስለቀሳት ዘፈን ነው።

«የትኛው ይሆን?» አለ ሐኪሙ ፈገግ ብሎ፣ ወደ እሷ ዞሮ። «አወቅሽው?»

«አላወቅሁትም» አለች።

ገልባጩ መዳፉን ገመዶቹ ላይ ጣለና ድምፁን አጠፋው። በዚያው ቅጽበት የሐኪሙ ስልክ ጮኸ፤ ከሆስፒታል ነው። «አንዴ ይቅርታ» ብሎ እያወራ ወደ በሩ ወጣ። ጥርሶ ከፒያኖው ወንበር ላይ ወጥታ በአንድ ጣቷ ቁልፎቹን መጫን ጀምራለች። ሁለቱ ብቻቸውን ቀሩ።

«ደስ ይበልሽ» አላት።

«ደስ ብሎኛል። መርከቡስ እንዴት ነበር? ዕድል ሁለቴ አይመጣም ተብለህ የለ።»

«ባሕር ላይ ሰው ሙዚቃ አይሰማም፤ ይበላል።»

«ታዲያ ማን ሂድ አለህ?»

«አንቺ ነሻ!»

«እኔ?»

«እንቢ ካልሽ ደብዳቤውን መልሺልኝ አልኩሽ። መለስሽልኝ። ለምን ብዬ አልጠይቅሽም ብዬ ስለነበር አልጠየቅሁሽም። ሌላ ምን ላድርግ?»

«የት ላይ ነው እንዲህ ያልከው?»

«ደብዳቤው ላይ ነዋ። ሦስተኛው ገጽ ላይ።»

ዝም አለች። ዝም ስትል ዝምታዋ ምን እንደሆነ ቀስ ብሎ ገባው። ሲገባው ፊቱ ሲቀየር አየችው፤ ያን ፊት እስክትሞት አትረሳውም።

«የመጀመሪያውን ብቻ ነው ያነበብኩት» አለች።

«አንድ ገጽ?» አለ በሹክሹክታ። ከዚያ ሹክሹክታው ቀረ። «አንድ ገጽ! ሁለት ዓመት በጨው ውሃ ላይ ስንከራተት፣ ምን በደልኳት እያልኩ ስንገበገብ የኖርኩት በአንድ ገጽ ነው?»

«ዋናውን ነገር መጨረሻ ላይ የሚጽፍ ማን ነው?» አለች እሷም። እንባዋ ከንዴቷ ቀድሞ መጣ። «ሴት ልጅ እወድሻለሁ የምትባለው ሦስተኛ ገጽ ላይ ነው? ዘፈን ነኝ እንዴ፣ ዳር ዳሬን የምትዞረኝ? የሚይዘኝ የለም ብለህ ትጀምራለህ፣ ከዚያ እኔ ተቀምጬ ዜማው እስኪመጣ ልጠብቅህ!»

«እኔስ የሐኪም ማዘዣ ነኝ? አናቴን አይተሽ የምትጥዪኝ!»

ሁለቱም ልክ ነበሩ። አንጀት የሚያሳርረውም ይኸው ነው፤ አንዱ በዳይ ቢሆን ኖሮ ሌላው ይቅር ይል ነበር። እዚያ ጠረጴዛ ላይ ይቅር የሚባል ሰው አልነበረም።

ገልባጩ የጊታሩን ማኅደር ኪስ ከፍቶ ፖስታውን አወጣ። ጠርዙ አርጅቷል። ፕላስተሩ ግን እንደተለጠፈ ነው። «የተመለሰ ደብዳቤ ምን ይደረግበታል ብዬ አልከፈትኩትም» አለና ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠው።

«እማ! እማ፣ ይሄ ጥቁሩ ለምንድን ነው የሚያለቅሰው?» አለች ጥርሶ ከፒያኖው፣ አንዱን ቁልፍ እየደጋገመች።

ገልባጩ ወደ ልጅቷ ዞረ። ከዚያ ወደ እሷ። «እማ ነው ያለችሽ?»

«አዎ።»

«ልጅሽ ናት?»

«ልጄ ናት» አለች። ቃሉ ሳታስበው ወጣ፣ ሲወጣም አልከበዳትም፤ ከሁሉ የከበዳት ይኸው አለመክበዱ ነው።

«እኔ እኮ አሁንም…» ብሎ ጀመረና ተወው።

«ተናገረው» አለችው። «አንድ ጊዜ እንኳን ሳትዞር ተናገረው።»

«እወድሻለሁ።»

ሁለት ዓመት የጠበቀችው ቃል ነው። መጣላት፤ ሰማችው። መልሱ አፏ ውስጥ ነበር፣ ምላሷ ላይ ደርሶ ነበር፤ ነገር ግን ልጅቷ እያሳለች ከወንበሩ ወረደችና መጥታ ጭኗ ላይ ራሷን ጣል አደረገች። ፋርማሲስቷ በለመደው እጇ የልጅቷን ጀርባ ማሸት ጀመረች። ገልባጩ ያቺን እጅ እያየ ቆየ።

ሐኪሙ ስልኩን ኪሱ እየከተተ ተመለሰ። «ይቅርታ አስጠበቅኋችሁ። ወዴት ደረስን?»

«ዶክተር፣ ይቅር ይበሉኝ» አለ ገልባጩ ተነሥቶ። «ያን ቀን አልችልም። ሌላ ሥራ አለብኝ።» ጊታሩን ማኅደሩ ውስጥ ሲከት እጁ ዚፑን ስቶት ሁለቴ ደገመው።

ሐኪሙ አመሻሽ ላይ ሊወስዳት ተቀጣጥረው ሲለያዩ ፋርማሲስቷ ፖስታውን ይዛ መድኃኒት ቤት ገባች፤ ፕላስተሩን በመቀስ ቀደደችው። ቁጭ ብላ፣ ቀስ ብላ፣ አንድ ፊደል ሳትዘል አነበበች።

ሁለተኛው ገጽ እንዲህ ይል ነበር፦ «ይህን ሁሉ የሚሉት ሌሎቹ ናቸው። አሁን የእኔን ልንገርሽ። መሄድ አልፈልግም። የሚይዘኝ አለ፤ በየቀኑ ምሳ ሰዓት መጥቶ አላወቅሁትም እያለ የሚዋሸኝ ሰው አለ። ቅዳሜ ዕለት አባትሽ ዘንድ ሄጄ ነበር። ያሉኝን ከእሳቸው አፍ ብትሰሚው ይሻላል።»

ሦስተኛው አጭር ነበር፦ «እወድሻለሁ። እሺ ካልሽ ረቡዕ ምሳ ሰዓት ነይና ወንበርሽ ላይ ተቀመጪ፤ ውሉን እዚያው ፊትሽ እቀደዋለሁ። እንቢ ካልሽ ይህን ደብዳቤ መልሺልኝ። ለምን ብዬ አልጠይቅሽም።»

አባቷ ከወዲያ በኩል መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ ብልቃጥ ላይ ወረቀት እየለጠፈ ነው።

«አባዬ፣ ጊታር የሚጫወተው ሰው አንተ ዘንድ መጥቶ ነበር?»

«የቱ ሰው?»

«አባዬ!»

ብልቃጡን አስቀመጠ። «መጥቶ ነበር።»

«ምን አልከው?»

«ምን እለዋለሁ… ሙዚቀኛ አማች አልወድም አልኩት። እውነቴን ነው፣ አልወድም ነበር። ግን እሷ ራሷ ከአፏ እፈልገዋለሁ ካለችኝ እቀበልሃለሁ አልኩት።»

«ለምን አልነገርከኝም ታዲያ?» ድምፅዋ ተሰባበረ።

«ጠበቅሁሽ እኮ ልጄ። ዛሬ ትነግረኛለች፣ ነገ ትነግረኛለች እያልኩ ጠበቅሁሽ። አንድ ሳምንት ዕቃ ቤት ገብተሽ አለቀስሽ፤ በሩ ላይ ስንት ጊዜ ቆሜ ተመለስኩ። ከዚያ ፊትሽን ታጥበሽ ወጣሽ። የተውሽው መሰለኝ። ቁስሏን አልነካባት፣ ዝም አይነቅዝም ብዬ ተውኩት።» መነጽሩን ከግንባሩ ላይ አወረደና በጋዋኑ ጫፍ ይወለውለው ጀመር፤ ንጹሑን መነጽር። «ነቀዘ ለካ» አለ።

አባቷን አቅፋው አለቀሰች። የሚቆጣ አባት ቢሆን ምንኛ በተሻላት! የተዘጋ በር ነው ብላ የፈራችው እንቢታው መጋረጃ ነበር፤ አንድ ቃል ብትተነፍስበት የሚገለጥ።

አመሻሽ ላይ ሐኪሙ ሊወስዳት መጣ። ጥርሶ የኋላው ወንበር ላይ መድኃኒቷን በጡጫዋ ጨብጣ እንቅልፍ ወስዷታል። መኪናውን አላስነሣውም።

«ሰውየው ያን ቀን አልችልም አለኝ» አለ ወደፊት እያየ። «ቀኑን ግን ገና አልነገርኩትም ነበር።»

ሰበብ አልፈለገችም። «እወደዋለሁ» አለች። «ካንተ በፊት ነው። አሁንም እወደዋለሁ።»

ሐኪሙ መሪውን በሁለት እጁ ያዘ፣ መኪናው ቆሞ ሳለ። «ልትሄጂ ነው?»

ዞራ ልጅቷን አየቻት። ትንፋሿን አዳመጠች፤ ስስ ፉጨት አለበት፣ ሌሊት ሊነሣባት ይችላል። «አልሄድም።»

«ለእሷ ስትይ ነው?»

ዋሽታ ብታሳርፈው እንዴት በወደደች። ግን ዝምታም ዳር ዳር ማለትም ያደረሱትን አይታለች። «አዎ።»

«ለእኔስ?»

«አከብርሃለሁ።»

«አክብሮትማ ሆስፒታልም ሞልቶልኛል» አለና ሊስቅ ሞክሮ አቃተው። ከዚያ ልጅቷን እንዳይቀሰቅስ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ተናገረ። «እኔም መጀመሪያ የመጣሁት ለእሷ እናት ፍለጋ ነው። ያንቺ ነገር በኋላ ነው የያዘኝ። ስለዚህ ልወቅስሽ አልችልም። አንድ ነገር ብቻ ልለምንሽ።»

«ምን?»

«ሰርጉ ላይ ሙዚቃ አይኑር። የትኛውም ዘፈን ሲጀመር ፊትሽን ማየት አልችልም።»

ሰርጉ በሁለተኛው ሳምንት ቅዳሜ ቀን፣ ያለ ሙዚቃ ተደረገ። አዳራሹ ውስጥ የሚሰማው የማንኪያና የሹካ ኳኳታ ብቻ ነበር። እንግዶቹ እርስ በርስ ተያዩ። አንዷ «የሞተባቸው ሰው አለ እንዴ?» ብላ ጠየቀች፣ አንዱ «ሐኪሞች ጫጫታ አይወዱም» ብሎ መለሰላት። ጥርሶ ነጭ ቀሚሷን ይዛ በሙሽሮቹ መሀል ገብታ ተቀመጠች። ዙሪያዋን አየች፣ አየች፣ አላስችል አላት።

«እማ፣ ለምንድን ነው ማንም የማይዘፍነው?»

ሐኪሙ አንገቱን ደፋ። ፋርማሲስቷ ጎንበስ ብላ የልጅቷን ቀሚስ አስተካከለች፣ ጸጉሯን አስተካከለች፣ የሚስተካከል ነገር አለቀባት። «ዛሬ ሁላችንም ደክሞን ነው የኔ እናት» አለቻትና አቅፋት አለቀሰች።

«ሙሽራ ስታለቅስ ደስ ሲል!» አሉ እንግዶቹ፣ የሚያወሩበት ነገር በማግኘታቸው ተገላግለው። የሙሽራዋ አባት ሹካውን አስቀመጠ፣ ከወንበሩ ተነሣና ማንንም ሳያይ ከአዳራሹ ወጣ።